የብስክሌት መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ንቃት ለምን ያስፈልጋል?

ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የሚሸፍነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ፣ ብስክሌት በሀገራችን የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ውስጥ ስፍራ እያገኘ መጥቷል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከተሽከርካሪ መንገድ የተለዩ የብስክሌት መስመሮችን አስገኝቷል። ይህ መልካም ለውጥ አደጋን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። የቀረው አደጋ መስመሩ በሚቋረጥባቸው ስፍራዎች ይከማቻል።

የተለየ መስመር ብስክሌተኛውን ከኋላው ከሚመጣ ተሽከርካሪ ይጠብቀዋል። በመስቀለኛ መንገድ፣ በአደባባይና በግቢ መግቢያ ላይ ግን ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። ብስክሌተኛው በመስመሩ ተማምኖ፣ አሽከርካሪውም ብስክሌት ይመጣል ብሎ ሳይጠብቅ ስለሚደርሱ፣ ከሁሉ የላቀ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው። በተለይ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ የጭነት መኪና ጎን መቆም አደገኛ ነው፤ አሽከርካሪው በመስታወት የማያየው ክፍል ሰፊ ነውና። የቆመ ሚኒባስ ታክሲን በቀኝ በኩል ማለፍም ከሚወርዱ ተሳፋሪዎች ጋር ያጋጫል።

የጥንቃቄው ዓይነት እንደየአካባቢው ይለያያል። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሳይታወቅ ይጨምራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ በክረምት ደግሞ የረጠበ ፍሬን ይዘገያል፣ ውኃ የሞላው ጉድጓድም ጥልቀቱ አይታይም። ሜዳማ በሆኑት ባሕር ዳርና ሐዋሳ በድንገት የሚታጠፍ ባጃጅን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከከተማ ውጭ ባለው አውራ ጎዳና ደግሞ ከምሽት በኋላ ያለ መብራትና ያለ አንጸባራቂ ልብስ መጓዝ ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

የብስክሌተኛው ንቃት ግን የሌሎችን ኃላፊነት አይተካም። በብስክሌት መስመር ላይ የቆመ አንድ መኪና ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዝን ተማሪ ወደ ተሽከርካሪዎች መካከል ገፍቶ ያስገባዋል። ስለዚህ አሽከርካሪዎች መስመሩን ክፍት ሊያደርጉ፣ ከመታጠፋቸውም በፊት ቀኛቸውን ሊመለከቱ ይገባል፤ የከተማ አስተዳደሮችም መስመሮቹ በሚቋረጡባቸው ስፍራዎች ምልክትና መብራት ሊያሟሉ ይገባል።