ስፒከርና አምፕሊፋየር ሲገናኙ

ሙዚቃ ለቤተሰብ ደስታ የሚሰጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ዕቃው ያለጥንቃቄ የተያያዘ እንደ ሆነ፥ በብዙ ገንዘብ የተገዛው አምፕሊፋየር በጥቂት ደቂቃ ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ለቃጠሎ ምክንያት ይሆናል። ይህም ጉዳት የሚያሰጋው ይልቁንም በዓል ወይም ክርስትና ሲደርስ፥ ከጎረቤት የተዋሱት ስፒከር በነበረው ላይ ሲጨመር ስለ ሆነ፥ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማሳሰብ ወደናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የአምፕሊፋየሩ ሶኬት ከግድግዳው ይነቀል። ማብሪያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ አባት ከኋላ ሽቦ ይዞ ሳለ ሕፃን ልጅ ከፊት መጥቶ ሊያበራው ይችላልና።

ቀጥሎ የሚታየው የሽቦው ጫፍ ነው። የስፒከር ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከተላጠ በኋላ፥ እናቶቻችን ፈትል እንደሚያከሩት ሁሉ ክሮቹ ጠበቅ ተደርገው ይከረሩ። አንዲት ክር አፈንግጣ ቀዩንና ጥቁሩን ማሰሪያ ያገናኘች እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ በስፒከሩ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል፤ በዚህም አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል።

የአምፕሊፋየሩ ቀይ ከስፒከሩ ቀይ፥ ጥቁሩም ከጥቁሩ ጋር ይያያዝ። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ቢገለበጥ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን የኦም ቁጥር ነው። ኦም ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ የሚለካበት ነው። ቁጥሩም በስፒከሩና በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ማሰሪያ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ቢታሰሩ፥ ለአምፕሊፋየሩ የሚደርሰው 16 ሳይሆን 4 ኦም ነው፤ አራት ቢሆኑ ደግሞ 2 ብቻ ይሆናል። በአንድ በርሜል ላይ ቀዳዳ በተጨመረ ቁጥር ውሃው ፈጥኖ እንደሚወርድ፥ ስፒከር በተጨመረ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ከመጠን በላይም ይሞቃል። ስለዚህ በጀርባው «ከ8 ኦም የማያንስ» ተብሎ የተጻፈበት አምፕሊፋየር፥ በየማሰሪያው ከአንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር በላይ ጎን ለጎን ሊታሰርበት አይገባም። ድግሱ ሰፊ ከሆነ ሌላ አምፕሊፋየር መዋስ ይሻላል።

ሁሉ ከተያያዘ በኋላ የድምፁ መቆጣጠሪያ ወደ ዝቅተኛው ተመልሶ ሶኬቱ ይሰካ፤ ድምፁም ቀስ በቀስ ከፍ ይበል። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ወዲያውኑ ይቀነስ፤ የመቃጠል ሽታ ከመጣም ሶኬቱ ይነቀል።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለጌጥ ተብሎ በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚጣለው ዳንቴል የሙቀት መውጫውን ይደፍናልና፥ ዕቃው በሚሠራበት ጊዜ ይነሣ። ሽቦውም ሰው በሚረግጠው ምንጣፍ ሥር ከሚያልፍ የግድግዳውን ጥግ ይዞ ይሂድ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ሽቦ ለሚጠመጥምም ሰው ምክሩ ያው ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ከዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ያንብብ።