ጾመኛና ጦም አዳሪ

ለመሆኑ ቅበላ ምን ማለት ነው? ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ መቀበል ነው። እንግዳ የሚቀበል ሰው ቤቱን ይጠርጋል፣ ደጁን ይከፍታል፣ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይጠብቃል። ዐቢይ ጾምም እንግዳ ነውና አባቶቻችን የዋዜማውን ሰሞን «ቅበላ» አሉት። ዛሬ ግን ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየሥጋ ቤቱ ያለውን ግፊያ የተመለከተ ሰው፣ ሕዝቡ ሥጋውን እየሸኘ እንጂ ጾሙን እየተቀበለ ነው አይልም። ቁርጡ ይቆረጣል፤ ቢራው ይደረደራል፤ ከጉርሻው በፊት ስልኩ ይወጣና ቪዲዮ ይቀረጻል፤ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። ፈረንጆቹ ካርኒቫል የሚሉት በዓል ስሙ የመጣው ሥጋን ማንሣት ከሚል የላቲን አነጋገር ነው። እነርሱስ ቢያንስ በስሙ አልዋሹም። በእኛ አገር ግን መሸኘቱ መቀበል ተብሎ ይጠራል።

እኛ ካቶሊክ ተማሪዎች ቁጥራችን ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሩ ሕዝብ ካቶሊኩ 0.7 በመቶ ነበር። ትንሽ መሆን ግን ከትችት አያድንም። ስለዚህ ትችታችንን ከቤታችን እንጀምር።

በመጀመሪያ «ካቶሊክ አይጾምም» ባዮቹ አሉ። እነዚህ ጓደኞቻችን ስለ ጾም በተነሣ ቁጥር የሮምን ሕግ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና የጾም ግዴታ የጣለው በሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በዐመድ ረቡዕና በዕለተ ስቅለት። በዓርብ ቀናት ደግሞ ከሥጋ መከልከልን ያዛል። ይሁንና ያው ሕግ ምእመናን ሁሉ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ንስሐ እንዲገቡ፣ እንዲጸልዩ፣ የፍቅር ሥራ እንዲሠሩ ያስገድዳል። ሁለቱ ቀን ወለሉ ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። ወለሉን ጣሪያ ያደረገ ሰው እየተንፏቀቀ መኖሩን ይወቀው!

ከዚህም በላይ ከመካከላችን ብዙው የግዕዝ ሥርዓት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ምእመኑ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሕግ እንዲጾም ያዛል። እንግዲህ ከአዲግራት ወይም ከእምድብር መጥቶ በላቲን ሕግ ጥላ ሥር የሚደበቅ ሰው ምን ይባላል? ታሪኩንስ ረሳው? አልፎንሶ ሜንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1625 መጥቶ የላቲንን ሥርዓት በግድ ልጫን ባለ ጊዜ አገሩ በደም ታጠበ፤ ሱስንዮስም እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ግን እ.ኤ.አ. በ1839 ሲመጣ የግዕዙን ሥርዓት አክብሮ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ኖሮ፣ በዚሁ ምድር ሞተ። የሜንዴዝን መንገድ ያለ ሜንዴዝ ማስገደድ በፈቃድ መከተል ያሳዝናል።

ሁለተኞቹ ጾሙን የሚጾሙት ናቸው። እነዚህ ኩሩዎች ናቸው፤ 55ቱንም ቀን ከሥጋና ከወተት ይከለከላሉ። ነገር ግን ተከትለናቸው ወደ ካፌ እንግባ። የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ! ዋጋው አንዳንዴ ከፍስኩ ይበልጣል። ጾሙ ከሆዳቸው አንዲት ጉርሻ፣ ከኪሳቸውም አንዲት ሳንቲም አልቀነሰ። የተለወጠው የምግቡ ዝርዝር ብቻ ነው። አባቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩት ረኃብን ሊቀምሱ ነበር፤ እነዚህ ግን ረኃብ እንዳይነካቸው ጾምን በቅባት ያሽሞነሙናሉ።

ሦስተኞቹ ሠልጣኞቹ ናቸው። «ለዘንድሮ ጾም ምን ተውክ?» ሲሏቸው «ቸኮሌት»፣ «ፌስቡክ»፣ «ከሰዓት በኋላ ቡና» ይላሉ። መተዉ ባልከፋ። ግን የተተወው ነገር ወዴት ሄደ? ለማን ደረሰ? መልስ የለም። ቸኮሌት የተወው ወገቡ ቀጥኖ ለፋሲካ ልብሱ ይሰፋዋል፤ ከዚህ ውጪ በዓለም ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቅ። አማርኛ ሆዱን በፈቃዱ የከለከለውን «ጾመኛ» ይለዋል። የሚበላው አጥቶ የተኛውንም «ጦሙን አደረ» ይለዋል። ያልታረሰውን ማሳ እንኳ ጦም አደረ እንላለን። ቃሉ አንድ ነው! የአገራችን ሰው በፈቃድ የሚራበውንና በግድ የሚራበውን በአንድ ቃል የጠራቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሁለቱ የአንድ ማዕድ ሰዎች ናቸው፤ ጾመኛው ያስቀረው ምግብ የጦም አዳሪው ራት ነው። ካልሆነ ጾሙ ጾም ሳይሆን የአመጋገብ ፕሮግራም ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሰው ያልጾሙትን አይደለም፤ እየጾሙ ሠራተኛቸውን የሚያስጨንቁትን፣ ለራበው እንጀራ ያልቆረሱትን ነው። ቤተ ክርስቲያንም ጸሎትን፣ ጾምንና ምጽዋትን ሦስቱን አንድ ላይ የምታስተምረው አንዱ ሲጎድል ሁለቱ ስለሚወድቁ ነው።

«ፈረንጅ ጾም አያውቅም» እየተባለ ይቀለዳል። ሀቁን እንመልከት። የጀርመን ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1958 ሚዜሬኦር የተባለውን ድርጅት አቋቁመው በየዓመቱ በጾሙ ወራት ለድኻ አገሮች ገንዘብ ይሰበስባሉ። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ አለንታውን በተባለው ሀገረ ስብከት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ተራ ነገር ተጀመረ፤ ቤተሰቡ ቀለል ያለ ራት ይበላና የተረፈውን ዋጋ ገበታው ላይ ባለች የካርቶን ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ሣጥኗ ዛሬ በዚያ አገር ዳር እስከ ዳር ትታወቃለች፤ ገንዘቡ የሚሄደው የአሜሪካ ካቶሊኮች የዕርዳታ ድርጅት በኩል ነው፤ ያ ድርጅት ደግሞ በእኛው አገር ለብዙ ዘመን ስንዴ ያከፋፈለ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል! የሁለት ቀን ጾመኛው ሣጥን አለው። የ55 ቀን ጾመኛው ግን ሣጥን የለውም። የቱ ነው ጾም የማያውቀው?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ «ምጽዋት ድኽነትን አያጠፋም፤ መለወጥ ያለበት ሥርዓቱ ነው» የሚለው ነው። ሥርዓቱ መለወጥ እንዳለበት ማንም አይክድም። ግን የዛሬው ራት ሥርዓቱ እስኪለወጥ ይጠብቃል ወይ? ደግሞስ ለመኝታ ቤት ጓደኛው አንድ ማኪያቶ መተው ያቃተው ሰው፣ ነገ ለሕዝቡ ሥልጣንና ሀብት ይተዋል ብሎ ማን ያምናል?

ሁለተኛው፣ «ምጽዋት በስውር ነው፤ ወንጌል እንዲህ ያዛል» የሚለው ነው። ወንጌል የከለከለው መለከት ማስነፋትን ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ካሜራውን። የማይታይ ምጽዋትና የሌለ ምጽዋት ግን የተለያዩ ናቸው። በስውር ስም ምንም የማይሰጡ ብዙዎች ናቸው። ሣጥን ስም አይጽፍም፤ ከሣጥን የበለጠ ስውር ምን አለ?

ስለዚህ ሐሳባችን አጭር ነው። በየመኝታ ቤቱ ሕንጻ አንዲት ሣጥን ትቀመጥ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ተማሪ በቀን 20 ብር ቢያስቀር በ55 ቀን 1,100 ብር ይሆናል። ሃምሳ ተማሪ ቢተባበር 55,000 ብር ነው። ተቀባዩን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው ጦርነት ወላጆቻቸው የተፈናቀሉባቸው ተማሪዎች አሉ፤ ከቤት ገንዘብ ስለማይላክላቸው የፎቶ ኮፒ እንኳ የሚቸግራቸው። ኮሪደሩን ጎህ ሳይቀድ የሚጠርጉልን እናቶች አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ልጅ ታቅፈው የሚቀመጡ አሉ። ሣጥኗን የግዕዙም የላቲኑም ልጅ ይሙላት፤ የኦርቶዶክስ ጓደኞቻችንም ቢጨምሩባት ደስታችን ነው፤ የረመዳን ጾመኛ ወንድሞቻችንም ስለ ዘካ ብዙ ያስተምሩናልና እንጠይቃቸው።

ዘንድሮ ቅበላ ሲመጣ ሥጋ ቤት ለሰልፍ የሚሄድ ይሂድ። እኛ ግን ጾሙን እንደ ስሙ እንቀበለው፤ አንድ ወንበር ጨምረን፣ የጎደለበትን ጓደኛ ጠርተን፣ ሣጥኗን ገበታው መካከል አስቀምጠን። በፋሲካ ማግስት ሣጥኗ ስትከፈት ባዶ ከሆነች፣ ያ ሁሉ ሽሮና ያ ሁሉ የጾም ኬክ ጾም አልነበረም ማለት ነው።