«ቲቸር፣ የእኛም ሽንት ቤት ይቆጠራል?»

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የዘላቂ ልማት ግቦች ስንት ናቸው?» ብትሏቸው «አሥራ ሰባት!» ብለው ጣሪያውን ያናጉታል። ዝርዝሩንም ይወጡታል፤ ድህነትን ማጥፋት፣ ረሃብን ማስወገድ፣ ጤና፣ ጥራት ያለው ትምህርት እያሉ። ፈተና ላይ ይመጣላ! ልጁ ባዶ ቦታውን ሞልቶ፣ ሁለት ማርኩን ይዞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ 193 አገሮች ያጸደቁት፣ እነዚህን ግቦች የያዘው ሰነድ ግን መንግሥታት የገቡት ቃል ነው፤ ቀነ ገደብም አለው። (መጽሐፉ 2030 ሲል ልጆቹ በእኛ አቆጣጠር እያሰቡ «ገና ነው» ይላሉ። በእኛ ታኅሣሥ 2023 ላይ ያበቃል።) ክፍል ውስጥ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጥና ዕዳው በልጁ ጫንቃ ላይ ያርፋል፤ ውሃ ቆጥብ፣ ፕላስቲክ አትጣል፣ ችግኝ ትከል። ሰፈሩ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣለት ልጅ ስለ ቁጠባ ምን ልንገረው? እናቱ ፊት የታጠቡበትን ለእግር፣ የእግሩን ለጓሮ ጎመን እያደረገች ነው ያሳደገችው።

ከ17ቱ ግቦች ሥር 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሉ። በአራተኛው ግብ ሥር ያለው አንዱ ዒላማ ስለ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። የሚለካውም ትምህርት ቤቶች መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተር፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች ግንባታ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ አላቸው ወይ ተብሎ ነው። ልጁ የሚሸመድደው ግብ እሱ የተቀመጠበትን ግቢ እንደሚቆጥር ማንም አልነገረውም።

ባለፈው ዓመት ይህን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእኛም ሽንት ቤት ይቆጠራል?» ክፍሉ ሳቀ። ይቆጠራል አልኳትና ደብተር ይዘን ወጣን። በሴቶቹ በኩል አራት በር አለ። መቀርቀሪያ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከውጭ በኩል። ሮቶው ባዶ ነው፣ ሲያንኳኩት ይጮኻል። ለአንድ በር ስንት ሴት ተማሪ እንደሚደርስ ሲያካፍሉ፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሲያዛጋ የሚውለው ልጅ መልሱን ቀድሞ ይዞ ተነሳ። ሴቶቹ ልጆች እርስ በርስ ተያዩና ዝም አሉ። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀሩበትን ምክንያት አንዷ የነገረችኝ በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆን ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ አልወደዱትም። «ልጆቹን ነገረኛ ልታደርጊያቸው ነው» አለኝ አንዱ። ሌላው ወረዳ ቢሰማ ለትምህርት ቤታችን ጥሩ አይደለም ባይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቧንቧ የሚዘረጋበት ገንዘብ እንደሌለው እኔም አውቃለሁ። ለዚህም ነው ማን ምን እንደሚጠየቅ መለየት የትምህርቱ ዋና ክፍል የሚሆነው። መቀርቀሪያው ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ የውሃው መስመር ለከተማው ውሃ አገልግሎት፤ አዲስ መጸዳጃ ደግሞ የወረዳ በጀት ይፈልጋል። ልጆቹ ሦስት አጫጭር ደብዳቤ ጻፉ። አናጺ የሆኑ አንድ አባት መጥተው መቀርቀሪያዎቹን በየበሩ ገጠሙልን። የውሃው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ልጆቹም ይህንኑ ቀን ጠቅሰው መዝግበዋል።

የችግኙም ነገር ከዚህ አይለይም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ የተነገረውን ቁጥር ስንቱ ሰው በቃሉ ይዞታል! በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ ግን ኅዳር ላይ ወጥቶ የሚቆጥር አላየሁም። ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል?

ፈተና አውጪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ስንት ናቸው?» የሚለው ይቅር። በምትኩ «በትምህርት ቤታችሁ ለስንት ተማሪ ስንት መጸዳጃ አለ? ይህንንስ ለማን ታቀርባላችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ለማረም ያስቸግራል የሚል አይጠፋም። ያስቸግራል፤ ለመኮረጅም እንደዚያው።