ኢላማ የሌለው ሽጉጥ

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን፣ ቡናችንን ጠጥተን ልንነሳ ስንል ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የፍቅር ምስጢር ሊነግረን መስሎን ጆሯችንን ቀሰርን። "ሽጉጥ ልገዛ ነው" አለን። "የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደህናውን ነው የምፈልገው። ግሎክ ይሻላል ቤሬታ?" ለምን እንደፈለገው ስንጠይቀው ፈጠን ብሎ "ለኢላማ ልምምድ ነዋ! ለስፖርት!" አለ። የት እንደሚለማመድ ስንጠይቀው ግን ያለቀ ስኒውን ማማሰል ጀመረ። አማስሎ አማስሎ "ሀገር ቤት ስሄድ" አለ።

ሀገር ቤት ማለት ስማዳ ነው። ስማዳ ውስጥ ደግሞ እሱ ሜዳ የሚለው ቦታ የአጎቱ ማሳ ነው። ከማሳው ጀርባ የሌላ ሰው ማሳ አለ፤ ከዚያ ጀርባ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ አለ። የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚጓዝ ለወዳጃችን የነገረው የለም። እኛ ነገርነው። ተቀየመን።

እንግዲህ ከተቀየመ አይቀር ጥያቄውን በደንብ እንመልስለት። መልሱ ለእሱ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ወገቡን በየደቂቃው እየነካካ ማኪያቶ የሚያዝ ጎረምሳ ሁሉ ይስማ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እናውራ። ግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ማለት ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ፣ ቀልሃውን ጥሎ፣ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ነው። ለኢላማ የሚሆነውን ለመምረጥ ታዲያ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ስለ ስም አይደሉም። እጄ ውስጥ በልኩ ይገባል ወይ? ቃታው ሳይንገራገጭ ይሳባል ወይ? ማነጣጠሪያው በግልጽ ይታየኛል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ክብደቱ ስንት ነው? ሽጉጥ በከበደ ቁጥር ርግጫው ይቀንሳል። ለውድድር ተብሎ ከብረት የተሠራው የቼኩ ሲ ዜድ ሻዶው 2 ባዶውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወዳጃችን የሚያልመው ግሎክ 17 ግን አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ያለ ካርታው 625 ግራም አካባቢ ነው። ደህና አሰልጣኝ ያገኘ ጀማሪ ሁለቱንም አይጀምርም። በካሊበር 22 ይጀምራል፤ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ አይራገጥም፣ እጅንም ፍርሃት አያስተምርም።

አሁን ልብ በሉ። ለኢላማ ጥሩ የሆነው ሽጉጥ ከባድ፣ ረጅምና ቃታው ቀላል ነው። ወገብ ላይ ለመሻጥ የሚፈለገው ደግሞ ቀላል፣ አጭርና ቃታው ጠንከር ያለ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው! በጃኬት ሥር የማይታይ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ስለ ስፖርት ሲያወራ፣ ለሩጫ ውድድር ነው ብሎ ቆዳ ጫማ እንደሚገዛ ሰው ነው። የመረጥከውን ንገረንና ለምን እንደፈለግከው እንነግርሃለን። ወዳጃችንም ሁለት ጊዜ "አይታይም አይደል?" ብሎ ጠይቆናል። ኢላማ ላይ የምትቆም ወረቀት ሽጉጥህን ብታይ ምን ትሆናለህ?

ቱርክን እናንሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ51 ዓመቱ ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ብር ሲያገኝ ዓለም ሁሉ አብዶለት ነበር። እኛም ፎቶውን ስንቀባበል ሰነበትን። የያዘው ሽጉጥ ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር ነው የሚተኩሰው። እኛ ዘንድ ከቱርክ የመጣው ግን ሌላ ነው። ፖሊስ ያዝኩት በሚለው ዝርዝር ውስጥ "ኢኮልፒ" የሚባል ስም የማይጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢኮል በመሠረቱ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የሚሠራ የቱርክ ምርት ነው፤ በብዙ አገር ግን አፈሙዙ እየተቀየረ እውነተኛ ጥይት እንዲተፋ ይደረጋል። እንዲህ የተቀጣጠለ ብረት አንዳንዴ የሚፈነዳው በጠላት ላይ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ ላይ ነው። ከአንድ አገር ሁለት ነገር ሊመጣልን ይችል ነበር፤ ሙያውን ትተን ኮንትሮባንዱን መረጥን።

"እናንተ የከተማ ልጆች ስለ መሣሪያ ምን ታውቃላችሁ?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ከእኛ መካከል ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ዘመድ ያላቸው አሉ። በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመሣሪያ ስም የዘመን ስም መሆኑን ሰምተን አድገናል፦ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፣ አልቤን፣ ኋላም ክላሽ። ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. አንስቶ ሴፍቲኔት የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። እዚያ በሬ ሸጦ ክላሽ የሚገዛ ገበሬ እብድ አይደለም። ደም አለበት፣ የወሰን ክርክር አለበት፣ ፖሊስ እስኪደርስ የሚነጋበት ቀበሌ ውስጥ ይኖራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ በወደቀችባቸው ቀናት በሴቶቿ ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነትም ያንን አገር አልማረም። ይህን ባየ ሰው ፊት ከካፌ ወንበር ላይ ሆነን "መሣሪያህን ጣል" አንልም። ጠባችን ከእሱ ጋር አይደለም።

ጠባችን በእሱ ስም ከሚምሉት ጋር ነው። "ባህላችን ነው" ይሉናል። እሺ፣ ባህሉ ምን ይላል? የሀገር ቤት ሽማግሌ ሰውን ሲያመሰግን "አልሞ ተኳሽ" ይላል። አልሞ! ምስጋናው ለተኩሱ ሳይሆን ለማለሙ ነው። ጥይት አንድ ሁለት ተብሎ በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ሰው ጥይት አያባክንም። ከአዲስ አበባ በመኪና ሄዶ ሙሽራ ሲገባ ካርታውን ሰማይ ላይ የሚያራግፈው ግን ምን አለመ? ደመና? ወደ ላይ የወጣ ጥይት ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ተኳሹ አናት ላይ ሳይሆን ዳስ ውስጥ እጇን ታጥባ ጠላ በምትቀዳው ሴት ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ባህል የሚሉት ባህሉን አያውቁትም።

በታሪካችን ስሙ እጅግ የገነነው ውድ ሽጉጥ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የላከችው ነው። ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላደረገው ደግነት ምስጋና ተጽፎበት፣ በ1855 ዓ.ም. በቆንስል ካሜሮን እጅ ደረሰው። ቴዎድሮስ ግን ሽጉጥ አልነበረም የቸገረው። የፈለገው ባለሙያ ነበር፤ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ ጠፋ። ሽጉጡ መጣ፣ ሙያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ይዞ ሴባስቶፖልን አሠራ፤ ያንን ብረት በጋይንት አድርጎ፣ ጨጨሆን እያስቆፈረና መንገድ እያስጠረገ መቅደላ አደረሰው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መጨረሻው የሆነው ግን ያ በስጦታ የመጣው ሽጉጥ ነበር። ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በኋላም እኛ ያንኑ እየደገምን ነው። ብረቱን እንፈልጋለን፤ ሙያውን አንጠይቅም።

"እሺ ስፖርትስ ክልክል ነው?" ለሚሉን፦ ማን ከለከለ? እኛማ ስፖርቱ ይምጣ ነው የምንለው! የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ወንጀል አድርጎታል፤ ተቆጣጣሪውም ፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ ወዳጃችን "በሰው በሰው አገኛለሁ" የሚለው ዕቃ፣ ገና ሳይተኩስ ወህኒ የሚያስገባው ነው። ስፖርት ብሎ የሚደበቅ ነገር የለም። እግር ኳስ ተደብቆ የሚጫወት አይታችኋል?

እስቲ ሜዳው ምን እንደሚፈልግ እንቁጠር። ጥይት የሚውጥ ከፍ ያለ የአፈር ክምር። ማንም የማያልፈው የተኩስ መስመር። የጆሮና የዓይን መከላከያ። "ተኩስ አቁም" ሲል ሁሉም ብረቱን ባዶ አድርጎ የሚያስቀምጥለት አንድ ኃላፊ። ሽጉጦቹ እዚያው ተቆልፈው የሚያድሩበት ሳጥን። ወዳጃችንን ከእነዚህ አንዱ ያለበት፣ እሱ ከፍሎ ሊገባ የሚችል ቦታ ጥራ ብንለው መጥራት አልቻለም። ገንዘቡን ግን ለሽጉጡ አዘጋጅቷል።

ለአየር ሽጉጥ ደግሞ ያ የአፈር ክምር አያስፈልግም። የውድድሩ ርቀት 10 ሜትር ነው፤ ጥይቷ 4.5 ሚሊሜትር ናት፤ ሽጉጡ ከ1.5 ኪሎ መብለጥ፣ ቃታው ከ500 ግራም መቅለል አይችልም። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል። ትንፋሽ መያዝን፣ ቃታ ላይ አለመቸኮልን፣ የራስን እጅ መግዛትን ያስተምራል። እንዲህ ያለ አዳራሽ አዲስ አበባ ላይ ቢከፈት፣ ሰላም ሲወርድም ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ ላይ ቢከፈት፣ ከጉና ሥር ያደገች ልጅ ለዲኬች ዓይነቱ ሰው መልስ የማትሰጥበት ምክንያት አይታየንም። አልሞ ተኳሽነት በደሟ ነው የምትሉ ከሆነ እስቲ አዳራሹን ስጧትና እንይ።

የምንጠይቀው ይህንን ነው። ፈቃድ ያለው፣ ቁጥጥር ያለው፣ ሽጉጡ ከበር የማይወጣበት የኢላማ ቤት ይከፈት። ፌዴሬሽን የሚያቋቁም ያቋቁም፣ ባለሀብት የሚገነባ ይገንባ፣ መንግሥትም ደንቡን ያውጣ። እስከዚያ ድረስ "ለልምምድ ነው" የሚል ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ የት?

ወዳጃችን፣ ግሎክ ወይስ ቤሬታ ብለኸናል። ኩርፊያህን ትተህ ስማን፤ መጀመሪያ ሜዳውን ምረጥ። ሜዳ ከሌለህ እኛ የምናውቀው አንድ ኢላማ ብቻ ነው የሚቀርህ፤ እሱም ሰው ነው።