ሳተላይት የማያየው የደን ጭፍጨፋ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት አገር በቀል ዛፎችን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም የዋንዛ ጣውላ በየእንጨት ሥራ ቤቱ እንደተፈለገ ነው። ከየትኛው ደን እንደወጣ የሚጠይቅ ገዥ ግን እምብዛም አይገኝም።

የካፋ፣ የያዩ፣ የሸካና የማጃንግ ደኖች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሰፍረዋል። ዛሬ ዓለም የሚጠጣው የዓረቢካ ቡና በዱር የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር ነው። የዱር ዘሩም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተመድቧል። ጥላው ሲሄድ ቡናውም ይሄዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከትርጓሜ ነው። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው ሰነድ መሠረት፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው መሬት ሁሉ ደን ይባላል። ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ ዝግባዎች ተመርጠው ቢወጡና ሽፋኑ ከ80 ወደ 30 በመቶ ቢያሽቆለቁል፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ሄክታር እንኳ አልጠፋም። የባሕር ዛፍ ተክልም በዚያው ዓምድ ይደመራል። የኖርዌይ መንግሥትና የዓለም ባንክ በሬድ ፕላስ ስም ለደን ጥበቃ ገንዘብ ሲሰጡ የሚያነቡት ሪፖርት ከዚህ ትርጓሜ የተቀዳ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115ም ከዚህ ክፍተት አያድነንም። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ የእርሻ መሬት የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ተግባራዊነቱም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እኛ ይሻር አንልም። ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን መናገር ግዴታችን ነው፦ የማሳውን መገኛ በካርታ እንዲያስመዘግብ የሚገደደው በደን ጥላ ሥር ቡና የሚለቅመው ገበሬ ሲሆን፣ ዝግባውን በሌሊት የሚጥለው ሰው ጣውላውን ለአገር ውስጥ ገበያ ስለሚሸጥ ከደንቡ ውጭ ነው።

ጣውላ አያስፈልግም የሚል የለም። የፈረንጅ ጽድና የባሕር ዛፍ ተክሎች ለዚሁ ተብለው የተተከሉ ናቸው፤ የግንባታና የቤት ዕቃ ፍላጎት ወደ እነርሱ መዞር አለበት። የተፈጥሮ ደን ግን በችግኝ ቁጥር አይተካም። በአንድ ክረምት ስንት ችግኝ እንደተተከለ የሚገልጽ መግለጫም የተቆረጠ ኮሶን አያካክስም።

አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለማኅበረሰብና ለማኅበር ደን ባለቤትነት ዕውቅና ሰጥቷል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ዕውቅናውን ካርታና የይዞታ ማረጋገጫ ካልተከተሉት ግን በቦንጋም ሆነ በሐረና ደኑን የሚጠብቅ ማኅበር ጭነት መኪና የማስቆም አቅም አይኖረውም።

በብራስልስ፣ በኦስሎና በዋሽንግተን ያሉ የሕግ አውጪ ቢሮዎች ባልደረቦችን የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። ለደን የሚለቀቅ ማንኛውም ገንዘብ የሽፋን ስፋትን ብቻ ሳይሆን የደን መመናመንንም ይለካ፤ የተፈጥሮ ደንና ተክል ደን በተለያየ ዓምድ ይዘገቡ። ከሚለቀቀው ገንዘብ ላይ ለማኅበራቱ የይዞታ ካርታ የሚውል ድርሻም በስምምነቱ ውስጥ ተለይቶ ይጻፍ። ቀጣዩ የበጀት ውይይት ከመጀመሩ በፊት ለተወካዮቻችሁ ልታቀርቡት የምትችሉት ጥያቄ አጭር ነው፦ ባለፈው ዓመት ከፍለን ካስጠበቅነው ደን ውስጥ ስንት ዝግባ ቆሟል?