ስለ ኳስ መቺው ስሕተትና ስለ ተመልካቹ ፍርድ

በአንድ ሥራ ላይ የቆመ ሰው ሥራውን ዘወትር በደንብ ሲፈጽም የሚያመሰግነው ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ስሙን የማያነሣ አይገኝም። ይህ ነገር በሹመትም፥ በንግድም፥ በቤት አስተዳደርም የሚታይ ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ቢፈለግ፥ በአሜሪካ አገር በደመወዝ የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጨዋታ፥ ከዚያም ውስጥ ኳሱን በእግሩ እንዲመታ ብቻ የተቀጠረው ሰው ዕድል ነው።

የአሜሪካ እግር ኳስ በሌላው ዓለም ከተለመደው የተለየ ነው። ኳሱ ክብ ሳይሆን ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ናቸው፤ ተጫዋቾቹም አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ይሮጣሉ ወይም ይወረውሩታል እንጂ በእግራቸው አይመቱትም። ስሙ የእግር ኳስ ሆኖ ሳለ እግር የሚሠራበት ጊዜ ይህን ያህል ጥቂት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሆኖም በእጅ ይዞ ወደ ፊት መግፋት ያልተቻለ እንደ ሆነ፥ መቺው ከዳር ተጠርቶ ይገባና ኳሱን በሁለት ረዣዥም ምሰሶዎች መካከል፥ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተጋደመው አግዳሚ በላይ ያሳልፈዋል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ስፋት ስድስት ሜትር አይሞላም። ያለፈለት እንደ ሆነ ሦስት ነጥብ ይቈጠርለታል። አንዱ ኳሱን ከፊት ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ በመሬት ላይ አቁሞ ይይዛል፤ ሦስተኛው ይመታል። የሦስቱም ሥራ አንድ ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። የተመልካቹ ዐይን ግን ሦስተኛውን ብቻ ያያል።

ጨዋታው በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ደጋፊው ስለ ሆነው ነገር ለመከራከር ስድስት ቀን ተርፎት ይቀመጣል። እሑድ የተሳተው ምት ሰኞ በመሥሪያ ቤት ይነሣል፤ ማክሰኞ በጠጕር አስተካካዩ ዘንድ ይደገማል፤ ዐርብ ሲደርስ መቺው እንዲባረር ያልፈረደ የለም። እንዲህ ያለው ክርክር ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የሚኖሩበት የሚኒሶታ ግዛት ነው። የዚያ አገር ማኅበር ቫይኪንግስ ይባላል። ደጋፊዎቹም ከሃያ አምስት ዓመት ያላነሰ የቈየ የመቺ ኀዘን አላቸው።

የኀዘኑ መጀመሪያ ጋሪ አንደርሰን የሚባለው ሰው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሆነው፥ በ1998 በተጀመረው የውድድር ዘመን ይህ ሰው በመደበኛው ጨዋታ ሁሉ 35 ጊዜ ለሦስት ነጥብ መትቶ 35ቱንም አሳለፈ፤ ለአንድ ነጥብ የሚመታውንም 59 ጊዜ መትቶ አንድ እንኳ አልሳተም። በዚያ ማኅበር ታሪክ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ውድድር ከእርሱ በፊት እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ጥር 17 ቀን 1999 ወደ መጨረሻው ታላቅ ግጥሚያ ለማለፍ ከአትላንታ ጋራ ሲጫወቱ፥ ሚኒሶታ 27 ለ20 እየመራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር፥ 35 ሜትር ያህል የሚርቀውን ምት ወደ ግራ ሳተው። አትላንታ እኩል አደረገ፤ በተጨመረውም ጊዜ 30 ለ27 አሸነፈ።

በዚያ ቀን አትላንታን እስከ ደጃፋቸው ድረስ ያስገቡት ተከላካዮች ነበሩ። ጊዜ ገና ሳያልቅ፥ ኳስም በእጃቸው ሳለ፥ ወደ ተጨማሪው ጊዜ መሄድን የመረጠው አሠልጣኙ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙው ሰው እስከ ዛሬ የሚጠራው የአንደርሰንን ስም ነው። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት በ2000 በውድድሩ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያገባ ሰው ለመሆን በቃ። ይህን ከሚኒሶታ ሰዎች ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ነገር ግን ሲያወሩት አይሰማም።

ሁለተኛው ብሌር ዋልሽ ነው። ጥር 10 ቀን 2016 ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ያህል በሆነበት ቀን ከሲያትል ጋራ ተጫወቱ። በዚያ ብርድ ኳሱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሚኒሶታ በዕለቱ ያገኘው ነጥብ ሁሉ ዘጠኝ ነበር፤ ዘጠኙንም ያገባው ዋልሽ ብቻውን በሦስት ምት ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ 27 ያርድ፥ ማለት 25 ሜትር ያህል፥ የሆነውን ቀላል ምት ሳተ፤ ሲያትልም 10 ለ9 አሸንፎ ሄደ። ያዡ ኳሱን ሲያቆም ማሰሪያው ወደ መቺው ዞሮ እንደ ነበረ በሥዕሉ ላይ በግልጽ ታይቷል፤ መሆን የሚገባው ወደ ምሰሶው ዞሮ ነው። ዋልሽ ራሱ ግን በማንም ላይ አላመካኘም።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በብሌን ከተማ የሚማሩ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ከመምህራቸው ጋራ ሆነው ለዋልሽ የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉለት፤ እርሱም በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታቸው ድረስ ሄዶ አመሰገናቸው። ታላላቆቹ ቁጣቸውን ሳይጨርሱ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ቀደሟቸው።

ማኅበሩ በዋልሽ ላይ ታገሠ፤ ለሚቀጥለውም ዘመን አቆየው። ይህ ትዕግሥት መልካም ፍሬ አፍርቶ ቢሆን ኖሮ የዚህ ነገር ክርክር ቀላል በሆነ ነበር። ዳሩ ግን አላፈራም። ዋልሽ በ2016 የውድድር ዘመን ቀላሎቹን ምቶች ሳይቀር ይስት ጀመር፤ በኅዳር ወር አጋማሽም ተሰናበተ። ስለዚህ ትዕግሥት ሁሉ ጥበብ ነው የሚል ሰው የሚኒሶታን ደጋፊ ለማሳመን ይቸገራል። አሠልጣኝም እንዲሁ ነው፤ በዚያን ዘመን በዓመት 16 መደበኛ ጨዋታ ብቻ ስለ ነበረው አንድ ጨዋታ ማጣት ለእርሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሳ ሦስት ተጫዋቾች በጉልበታቸው ያገኙትን የአንድ ሰው እግር ሲያጠፋው እያዩ ዝም ማለት ለሐምሳ ሁለቱ በደል ነው የሚሉ አሉ፤ ነገራቸውም መሠረት የሌለው አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን የትዕግሥትን ክስረት አንድ ጊዜ ያየ ሰው በፍጥነት ለመፍረድ እንዴት እንደሚቸኵል ያሳያል። በ2018 ማኅበሩ ዳንኤል ካርልሰን የሚባል ወጣት ከኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል መርጦ አመጣ። በሁለተኛው ጨዋታ፥ መስከረም 16 ቀን፥ ከጎረቤታቸው ከግሪን ቤይ ጋራ ሲገጥሙ ሦስት ምት ሳተ፤ ከሦስቱም ሁለቱ በተጨመረው ጊዜ ነበሩ፤ የመጨረሻው 35 ያርድ ብቻ የሚርቅ ነበር። ጨዋታው 29 ለ29 አለቀ። በማግሥቱ ወጣቱ ተባረረ። አሠልጣኙ ማይክ ዚመር ስለ ምን እንዳባረሩት በተጠየቁ ጊዜ፥ ጨዋታውን አይታችኋልን ብለው በጥያቄ መለሱ።

መልሱ ለጊዜው የሚያስቅ ነው፤ የሰኞን ተከራካሪ ሁሉ ደስ አሰኝቷል። ነገር ግን ሲመረመር የተመልካች መልስ እንጂ የአለቃ መልስ አይደለም። ተመልካች ያየውን አይቶ ይፈርዳል፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቀው የለም። አለቃ ግን ያልታየውን እንዲመረምር ነው አለቃ የሆነው። ወጣቱ ሦስት ጊዜ የሳተው እግሩ ስለማይችል ነውን? ከአዲስ አቀባይና ያዥ ጋራ ገና ስላልተለማመደ ነውን? ወይስ ልቡ ስለ ደነገጠ ነውን? የመጀመሪያው ከሆነ መድኀኒቱ ማሰናበት ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ልምምድ ነው፤ ሦስተኛው ከሆነ ጊዜ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለእንዲህ ያለ ጕዳይ ነው። አንድ ሌሊት ግን ለዚህ ምርመራ የሚበቃ አይመስልም።

ካርልሰን በጥቅምት ወር የኦክላንድ ማኅበር ቀጠረው። በዚያው ዘመን ከመታቸው 17 ምቶች 16ቱን አሳለፈ። በ2021 የውድድር ዘመን 150 ነጥብ አግብቶ ከመላው ውድድር አንደኛ ሆነ። ጥር 9 ቀን 2022 ደግሞ የተጨመረው ጊዜ ሊያልቅ ሰከንድ ሲቀር 47 ያርድ መትቶ ማኅበሩን 35 ለ32 አሸናፊ አደረገና ወደ ጥሎ ማለፉ አስገባ። እግሩ ያው እግር ነበረ።

የግሪን ቤይ ነገር ከዚህ ጋራ ቢተያይ የበለጠ ያስተምራል። ይህ ማኅበር ባለቤቱ አንድ ባለጠጋ አይደለም፤ ከ1923 ጀምሮ ድርሻው ለሕዝብ የተሸጠ ነው፤ ዛሬ የባለድርሻዎቹ ቍጥር ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ነው፤ ትርፍም አይከፈላቸውም። ከዚህ የተነሣ የሕዝብ ጩኸት ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በዚህ ማኅበር ይሆናል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ካርልሰን ከሳተበት ቀን በኋላ ልክ በሦስተኛው ሳምንት፥ ጥቅምት 7 ቀን 2018፥ የግሪን ቤይ መቺ ሜሰን ክሮዝቢ በዲትሮይት ከተማ አራት የሦስት ነጥብ ምትና አንድ የአንድ ነጥብ ምት ሳተ። የጠፋው ነጥብ አሥራ ሦስት ነው፤ የተሸነፉትም በስምንት ነጥብ ነው፤ 31 ለ23። ይህ ሒሳብ ለክርክር የማይመች ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ክሮዝቢ አልተባረረም። ማኅበሩ ከ2007 ጀምሮ ያውቀዋል፤ በ2012 ከመታው ሲሦውን ያህል ስቶ ሳለ ታግሠውት በሚቀጥለው ዓመት እንደ ተመለሰ አይተዋል። በሚቀጥለው ሰኞ፥ ጥቅምት 15 ቀን፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋራ 30 ለ30 ሆነው የመጨረሻው ሰከንድ ሲደርስ የተጠራው እርሱ ነው፤ አሳለፈውም፤ 33 ለ30 አሸነፉ። ከዚያም በኋላ እስከ 2022 የውድድር ዘመን መጨረሻ ድረስ በዚያው አገለገለ።

በሁለቱ ማኅበሮች መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ደግ ሁለተኛው ጨካኝ ስለ ሆነ ነው ማለት አይገባም። ልዩነቱ፥ አንዱ የሰውየውን ሥራ በመዝገብ ይዞ መቈየቱና ሁለተኛው ገና መዝገብ ሳይከፍት መዝጋቱ ነው። ክሮዝቢ የተፈረደለት በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ነው፤ ካርልሰን የተፈረደበት በሁለት ጨዋታ ነው። አዲስ ሰው መዝገብ የለውምና በትንሽ ነገር ይወድቃል፤ ይህም በየመሥሪያ ቤቱ በአዲስ ጸሐፊ ላይ ሲደርስ የሚታይ ነው።

ደጋፊውም ቢሆን ይህን ያህል የማይታገሥበት ምክንያት አለው። በ1960ዎቹ ዓመታት መቺዎች ከመቶ ስድሳ እንኳ አያሳልፉም ነበር፤ ዛሬ ከመቶ 85 ያህል ያሳልፋሉ። የአንዱ ነጥብ ምትማ ከመቶ 99 የሚያልፍ ሆኖ ስላሰለቸ፥ የውድድሩ ባለሥልጣኖች በ2015 ርቀቱን ወደ 33 ያርድ ገፉት፤ በዚያው ዓመት ወደ 94 ወረደ። እንግዲህ እንዲስቱ ተብሎ ሕግ ከወጣ በኋላ በሳቱት ላይ መጮኽ ትንሽ የሚያስቅ ነው። ሰዎቹ እየተሻሻሉ በሄዱ መጠን ስሕተታቸው ብርቅ ሆነ፤ ብርቅ በሆነም መጠን ይቅርታው ተወደደ። በኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢመታ እንኳ ቍጣ የለም፤ በዚያ ግን ጨዋታው ደመወዝ ሆኗልና ቍጣውም እንደ ደመወዙ ነው።

ሚኒሶታ ከካርልሰን በኋላ ሌላ ስመ ጥር መቺ አመጣ፤ እርሱም በታኅሣሥ 2020 በታምፓ በአንድ ጨዋታ ሦስት የሦስት ነጥብና አንድ የአንድ ነጥብ ምት ስቶ በሚቀጥለው መጋቢት ተሰናበተ። በእርሱ ምትክ የመጣው ግሬግ ጆሴፍ መስከረም 19 ቀን 2021 በአሪዞና 37 ያርድ ስቶ 34 ለ33 ተሸነፉ። ደጋፊው የለመደውን ጩኸት ጮኸ። በዚህ ጊዜ ግን አሠልጣኙ ያው ማይክ ዚመር ሳሉ መቺው አልተባረረም። በሚቀጥለውም ዘመን፥ በአዲስ አሠልጣኝ ሥር፥ የአንድ ነጥብ ምት ደጋግሞ ሲስት ታገሡት። ታኅሣሥ 17 ቀን 2022 ሚኒሶታ ከኢንዲያናፖሊስ ጋራ ሲጫወት እስከ ዕረፍት 33 ለ0 ተመርቶ ነበር፤ ብዙው ሰው ተስፋ ቈርጦ ነበር፤ ከዚያ ተነሥተው እኩል ሆኑ፤ በተጨመረውም ጊዜ ጆሴፍ 40 ያርድ መትቶ 39 ለ36 አሸነፉ። በውድድሩ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ልዩነት ተመልሶ ያሸነፈ የለም። በሳምንቱ ደግሞ ከኒው ዮርክ ጋራ ሲጫወቱ በመጨረሻው ሰከንድ 61 ያርድ መታና አሳለፈ።

በ2024 ውሉ ባለቀ ጊዜ ጆሴፍ ወደ ሌላ ማኅበር ሄደ፤ ሚኒሶታም እንደ ካርልሰን ከኮሌጅ የመጣ ሌላ ወጣት መረጠ። ይህ የሆነው በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ጨዋታ በሌለበት ወራት፥ የሁለቱ ሰዎች መዝገብ ታይቶ ነው።