ሥነ አመክንዮ በእንግድነት

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሥነ አመክንዮ የኖረው የራሱን ጎጆ ቀልሶ ሳይሆን በፍልስፍና ትምህርት ክፍል ጥላ ሥር ተጠግቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይመሩ የነበሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ክላውድ ሳምነር በ1953 መጥተው ለአሥርት ዓመታት አስተማሩ፤ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና»ን በአምስት ቅጾች አሳተሙ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት እንደ ጥበብ መረመሩ። በፍልስፍና የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ያስመረቀው ይህ ክፍል ለሥነ አመክንዮ የሰጠው ግን የዲግሪ ስም ሳይሆን የኮርስ ወንበር ነበር።

በእኛዋ አዳማ ነገሩ ከዚህም ይጠባል። የቴክኒክ ኮሌጅ የነበረው ተቋም በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2003 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ መንግሥት በወሰነበት ዘመን ፍልስፍናን ማን ያስታውሳል? በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ሥነ አመክንዮና ጥልቅ አስተሳሰብ የአገሪቱ ጀማሪ ተማሪዎች የጋራ ኮርስ መሆኑ ስለዚህ በጎ ዜና ነበር።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌውም የባሕር ማዶ። ተማሪው የሕጸጾችን ስም ሸምድዶ ይፈተናል፤ ከግቢው ሲወጣ ግን የሚከራከረው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ በዚያ ሚዛን መዝኗቸው አያውቅም። «ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል፤ መንገዱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል» ቢሉት የአዳማን አቧራ ለማስተኛት ውሃ የምትረጨውን ቦቴ ማስታወስ ነበረበት። ባንክ ቤት ከመስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ጨዋታ አይደለም። «ሐሰተኛ ፊርማ ይንቀጠቀጣል፤ ይህም ተንቀጥቅጧል፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ የሚደመድም ሠራተኛ እጃቸው በዕድሜ የሚርድ ጡረተኛ አባትን ከገዛ ገንዘባቸው ይከለክላል። ስሕተቱ ከቦቴዋ ጋር አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

ደግሞስ ክርክር ለእኛ ባዕድ ሆኖ ነውን? በላ ልበልሃ ተሟጋቹን በጥያቄና በመልስ ያፋጥጠው ነበር። ከመተሐራ አካባቢ ካረዩዎች ዘንድ የገዳ ጉባኤ ዛሬም በንግግር ይመክራል፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። (አንዳንድ ወዳጆቼ ከዚህ ተነሥተው ተረትና ምሳሌ ሁሉ አመክንዮ ነው ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ምሳሌ ያሳምናል እንጂ አያረጋግጥም፤ ለየትኛውም ወገን የሚሆን ተረት አይጠፋም። ይህን ለይቶ ማሳየት ራሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።)

የተቋም ሕንፃ ይሠራ አልልም። መንደርደሪያ፣ መደምደሚያ፣ ሕጸጽ የሚሉ ቃላት በእጃችን አሉ። የኮርሱ መማሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ መልመጃውም ከችሎት፣ ከገበያ፣ ከሬዲዮ ውይይት ይቀዳ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በጎን ይቀመጥ፤ ማንም አይጣላውም። ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱ ግን ተማሪው ባለፈው ሳምንት በገዛ ቋንቋው የሰማውን አንድ ክርክር ጽፎ የትኛው መንደርደሪያ እንደ ጎደለው እንዲያሳይ ይጠይቀው።